በዓይኔ ያየኋቸው ፒቸሮች

(ባለፈው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረግኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን ላክልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እንደተናገርኩት አስቀመጥኩት። እዚህም እዚያም ትንሽ አስተካክያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቹ ቤዝቦል እንደማታዩ አውቃለሁ። ልጆቻችሁ ይጫወታሉ፣ እናንተ ደግሞ ሜዳው ዳር መኪና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ልምምዱ እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁ። "እነዚህ ሰዎች ቆመው ነው የሚውሉት፤ ምኑ ነው የሚታየው?" የሚለውን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ ስጠየቅ ኖሬያለሁ። ለቅሶ ቤት ተጠይቄያለሁ፣ ሠርግ ላይ ተጠይቄያለሁ። ዛሬ ረጋ ብዬ ልመልሰው። የሚታየው መሃል ሜዳ ጉብታዋ ላይ የቆመው ሰውዬ ነው። ኳሷን የሚወረውረው። ፒቸሩ። እሱን ማየት ከቻላችሁ ሌላው ሁሉ ቀስ እያለ ይገባችኋል። እሱን ካላያችሁት ግን እውነትም ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው።

የማወራላችሁ በቴሌቪዥን ስላየኋቸው አይደለም። ሜዳ ገብቼ በዓይኔ ስላየኋቸው ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

መጀመሪያ ግን ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ላሳያችሁ። ከፒቸሩ እስከ መቺው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ነው። ፒቸሩ ግን ረጅም ተራምዶ፣ ክንዱን ዘርግቶ ስለሚለቃት ኳሷ የምትጓዘው 16 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጥሩ ፒቸር በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር ይወረውራል፤ እዚህ 95 ማይል የሚሉት ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ኳሷ መቺው ጋ የምትደርሰው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ክፈቱ። አለቀ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ መቺው ኳሷን ማየት፣ ልምታት ወይስ ልተዋት ብሎ መወሰን፣ ከዚያ ደግሞ ዱላውን ማወናጨፍ አለበት።

ኳሷ 145 ግራም ገደማ ናት። በቀይ ክር ነው የተሰፋችው፣ 108 ድርብ ስፌት አላት። ስፌቱ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ፒቸሩ ኳሷን የሚያዛት ጣቶቹን ስፌቱ ላይ በሚያሳርፍበት መንገድ ነው። ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ከሄደች መቺው ከጠበቀው ያነሰ ትወርዳለች፣ ከፍ ያለች ትመስለዋለች። ይቺ ፋስትቦል ናት። ወደ ፊት እየተሽከረከረች ከሄደች ደግሞ ልትደርስ ስትል ዘጭ ትላለች፣ ከርቭቦል። ስላይደር ወደ ጎን ትሸሻለች። ከሁሉ የምታታልለው ቼንጅአፕ ናት፤ ክንዱ በሙሉ ኃይል ሲመጣ ታያላችሁ፣ ኳሷ ግን ትዘገያለች፣ መቺው ዱላውን አወናጭፎ ሲጨርስ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት።

እኔ ማማ ላይ ሆኜ በወንጭፍ ወፍ እያባረርኩ ማሽላ ጠብቄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ወንጭፍ የያዘ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ድንጋዩን የሚያደርሰው ክንድ ብቻ አይደለም። እግር አለበት፣ ወገብ አለበት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ገመዱን የምትለቅባት ቅጽበት አለች። ከቀደምክ ድንጋዩ ሰማይ ይወጣል፣ ከዘገየህ ጓደኛህን ትመታለህ። ፒቸርን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ሳይ አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ያ ቀን ሜይ 30፣ 1997 ነበር። ዓርብ ማታ። ባልቲሞር፣ ካምደን ያርድስ።

አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሜዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ጨዋታ ባለ ቀን ፓርኪንጉ ቶሎ ይሞላና ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚሰማኝ ከሜዳው የሚመጣ ጩኸት ብቻ ነው። ደንቡን ሳላውቅ በጩኸቱ ብቻ ደግና ክፉውን መለየት ተምሬ ነበር። በዚያ ዓርብ አንድ ቋሚ ደንበኛዬ ልጁ ታሞበት ሁለት ትኬት እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ተራዬን ለጓደኛዬ አስረከብኩና ከአጎቴ ልጅ ጋር ገባን።

የባልቲሞሩ ኦርዮልስ ከክሊቭላንድ ጋር ነው የሚጫወተው። በስተቀኝ፣ ከሜዳው ጀርባ፣ ያ ረጅሙ የጡብ መጋዘን አለ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጡቡ ይቀላል። ጉብታው ላይ ያለው ማይክ ሙሲና ነው። መቺ ይመጣል፣ ይመለሳል። ሌላው ይመጣል፣ ይመለሳል። ሦስት ሲመለሱ ተራው ይቀየራል። ሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ተራ ሲመቱ አንድ ኢኒንግ ይባላል፤ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። በ5ኛው ኢኒንግ አካባቢ ከጎኔ የነበሩት አዛውንት ወሬ አቆሙ። በ7ኛው ሰው ምግብ ሊገዛ መነሳቱን ሁሉ ተወ። የአጎቴ ልጅ "ምን ሆነው ነው?" አለኝ። አዛውንቱን ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙኝ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ፐርፌክት ጌም የሚባለው 27 መቺ መጥቶ 27ቱም አንድ ቤዝ (መቺው መትቶ የሚሮጥባት ማረፊያ) እንኳ ሳይረግጥ ሲመለስ ነው። እየሆነ እያለ ግን ስሙ አይጠራም። ከጠራኸው ይሸሻል ብለው ያምናሉ። እኛም ቆንጆ ሕፃን ስናይ ዓይን እንዳይበላው አፋችንን እንቆጥብ የለ? ያው ነው።

ሙሲና 25 መለሰ። ሁለት ቀረው። 26ኛው ሳንዲ አሎማር ነበር። መታት። ኳሷ ወደ ግራ ሜዳ ሄዳ ሣሩ ላይ አረፈች። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ማታ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም፣ ትንፋሽ ነው። ፓርኪንግ ቆሜ ከሰማኋቸው ድምፆች ውስጥ ይሄ አልነበረም።

እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። ሙሲና ኳሷን ተቀበለ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት። እሱ ወደ ጉብታው ተመለሰና የቀሩትን ሁለት መቺዎች ሁለቱንም በስትራይክአውት፣ ማለትም ሦስት ሦስት ስትራይክ (መቺው የሳታት ወይም መምታት ሲገባው የተዋት ኳስ) ጥሎባቸው መለሰ። 3 ለ 0፣ ጨዋታው አለቀ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተሸከመው ነገር ከእጁ ወድቆ ተሰብሯል፣ ስብርባሪው እግሩ ሥር ነው፣ ሰውዬው ግን ቀጣይዋን ኳስ ልክ እንደ መጀመሪያዋ ነው የወረወራት።

እኔ በዚያ ሳምንት የኮሌጅ መግቢያ የእንግሊዝኛ ፈተና ወድቄ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ሰኞ ዕለት ሄጄ እንደገና ተመዘገብኩ።

ከዚያ ወዲህ ፒቸርን የማየው በአንድ ነገር ነው። ነገር ከተበላሸበት በኋላ የሚወረውራትን ኳስ እጠብቃለሁ። ሲሄድለትማ ሁሉም ጎበዝ ነው።

ሙሲናን በኋላ የኒውዮርኩ ያንኪስ ወሰዱት። ሴፕቴምበር 2፣ 2001 ቦስተን ላይ 26 ሰው መልሶ፣ 27ኛው ላይ ሁለት ስትራይክ ይዞ፣ አንዲት ስትራይክ ሲቀረው እንደገና ተመታበት። ያንን በዓይኔ አላየሁም፤ ሥራ ላይ ሆኜ ስሰማ ግን የገዛ ወንድሜ የሆነበት ያህል አዘንኩ። ፐርፌክት ጌም ሳይኖረው ነው ያቆመው። 270 ጨዋታ አሸንፏል።

እዚያው ካምደን ያርድስ ማሪያኖ ሪቬራንም አይቻለሁ፣ ደጋግሜ። ያንኪስ ሲመጡ ወንበሩን የሚሞላው የኒውዮርክ ሰው ነበር፣ ለኛ ለባልቲሞር ደጋፊዎች ያማል። ሪቬራ የፓናማ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ሥራው መጨረሻ ላይ ገብቶ በሩን መዝጋት ነው፣ ክሎዘር ይሉታል። 652 ጨዋታ ዘግቷል፣ ከሱ በላይ የዘጋ የለም። የሚገርመው የሚወረውረው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ኳስ መሆኑ ነው። ከተር ይሏታል። ፋስትቦል መስላ ትመጣና መጨረሻ ላይ ጥቂት ሳንቲ ብቻ ታጠፍ ትላለች። መቺው ምን እንደምትመጣበት ያውቃል። ፎቅ ላይ የተቀመጥኩት እኔም አውቃለሁ። ለውዝ የሚሸጠው ልጅም ያውቃል። አይመቷትም። በግራ ለሚመታ ሰው ወደ እጁ ትጠጋና ዱላውን ከእጀታው ትሰብረዋለች። ድምፁ ደረቅ ማገዶ በጉልበት ስትሰብሩ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ቀው! ከዚያ ዱላው ወደ ሜዳ ሲሽከረከር ታያላችሁ፣ መቺው ጉማጁን ይዞ ይሮጣል። በ2013 ሪቬራ ሊያቆም ሲል ኦርዮልስ የሰጡት የስንብት ስጦታ ከነሐስ የተሠራ የተሰበረ ዱላ ነበር። ይሄን ያሰበ ሰው ቤዝቦል ገብቶታል። በ2019 ለሆል ኦፍ ፌም (የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ) ሲመረጥ ድምፅ ከሰጡት ጋዜጠኞች አንድም ስሙን የዘለለ አልነበረም፤ ከሱ በፊት እንዲህ የሆነለት ተጫዋች የለም። ሙሲናም አብሮት ነው የተመረጠው፣ በዚያው ዓመት። ያን ዜና ስሰማ ደስታዬ እጥፍ ነበር።

ወደ ዋሽንግተን ልምጣ። ከተማዋ ከ1971 በኋላ ቡድን አልነበራትም፤ ናሽናልስ የመጡት በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ግን ትልቅ ታሪክ ነበራት። ከናንተ ውስጥ ዋልተር ጆንሰን ሃይስኩል ልጅ ያለው አለ? አዎ፣ ብዙ እጅ አያለሁ። ሰውዬው ማን እንደሆነ የሚያውቅስ? (ሁለት እጅ ብቻ ወጣ።) ፒቸር ነው! ከ1907 እስከ 1927 ድረስ ለዋሽንግተን ብቻ የወረወረ። 417 ጨዋታ አሸንፏል፣ በታሪክ ከሱ በላይ ያሸነፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ናሽናልስ ፓርክ ሐውልት አለው። ቀራጩ የውርወራውን እንቅስቃሴ ለማሳየት ክንዱን አባዝቶ ነው የሠራው፣ እጆቹ እየተከታተሉ የሚመጡ ይመስላሉ። ሐውልቱን የማይወዱት ብዙ ናቸው። እኔ እወደዋለሁ። ጥሩ ፒቸር ከጎን ሆናችሁ ስታዩት ዓይናችሁ ላይ የሚቀረው ልክ እንደዚያ ነው።

ሌላ ጆንሰንም እዚያው አየሁ። ራንዲ ጆንሰን፣ ጁን 4፣ 2009። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ነው፣ ግራኝ ነው፣ ዕድሜው 45 ደርሷል። ለሳን ፍራንሲስኮ ጃየንትስ ነበር የሚጫወተው፣ የመጣው ደግሞ 300ኛ ድሉን ፍለጋ ነው። ከሱ በፊት 300 የደረሱት 23 ሰዎች ናቸው። ከሱ በኋላ እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰም፣ አሁን ፒቸሮች ቶሎ ስለሚወጡ የሚደርስም አይመስለኝም። ጨዋታው በዋዜማው በዝናብ ተላልፎ ነው ወደዚያ ቀን የመጣው። ወንበሩ አብዛኛው ባዶ ነበር። እኔ ያኔ ታክሲ እነዳለሁ፣ ዝናብ ባለ ቀን ደግሞ ታክሲ ጥሩ ይሠራል። ትቼው ገባሁ።

6 ኢኒንግ ወረወረ። የሰጠው 2 ሂት (መቺው መትቶ ቤዝ የደረሰበት) ብቻ ነው። 2 ለ 1 እየመራ ወጣ። ከዚህ በኋላ 300ኛው ድል በሱ እጅ አይደለም፣ ሌሎች ናቸው የሚጠብቁለት፤ እሱ ዳግአውት፣ የተጫዋቾቹ መቀመጫ ላይ ሆኖ ማየት ብቻ ነው። 8ኛው ኢኒንግ ላይ ሦስቱም ቤዞች ሞሉ። ሁለት አውት፣ ማለትም ሁለት መቺ ተመልሷል። መቺው የኛ አዳም ደን ነው፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ ሲመታ ሩቅ የሚያደርስ። ሦስት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጪ የመጣች፣ መቺው የተዋት ኳስ)፣ ሁለት ስትራይክ። አራተኛ ቦል ብትጨመር መቺው በነፃ ያልፋል፣ ቤዞቹ ስለሞሉ አንድ ነጥብ ይገባል፣ እኩል ይሆናሉ፣ የአዛውንቱ ፒቸር ድልም በዚያ ቀን ይቀራል። የናሽናልስ ደጋፊ ነኝ፣ ለደን መጮህ ነበረብኝ። አፌ አልከፈት አለ። ብራያን ዊልሰን ወረወረ። ዝቅ ብላ መጣች። ደን ተዋት። ዳኛው ስትራይክ አለ። እኔ እስከ ዛሬ ዝቅ ያለች ነበረች ባይ ነኝ፣ ግን ደግሞ ደስ ብሎኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው። ጨዋታው 5 ለ 1 አለቀ።

በዓመቱ፣ ጁን 8፣ 2010፣ ያ ባዶ ሜዳ ጢም ብሎ ሞላ። ከ40 ሺህ ሰው በላይ። ስቴፈን ስትራስበርግ የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ለናሽናልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወረውር ነው። ልጄን ይዣት ሄድኩ፣ 6 ዓመቷ ነበር። ስትራይክአውት የሚመዘገበው በእንግሊዝኛዋ ኬ ፊደል ነው፤ ሰዉ ኬ የተጻፈበት ወረቀት ይይዛል፣ መቺው ዱላውን ሳያወናጭፍ ከወጣ ደግሞ ኬዋን ገልብጠው ይሰቅሏታል። ልጄ ፊደል ገና እየለመደች ስለነበር የተገለበጠችውን ስታይ "ተሳስተው ነው የጻፉት" እያለች ልታርማቸው ፈለገች።

ያ ልጅ 7 ኢኒንግ ወረወረ፣ 14 ሰው በስትራይክአውት መለሰ፣ አንድም ሰው በነፃ አላሳለፈም። በ4ኛው ላይ ሆም ረን (አጥሩን አልፎ የሚወጣ ምት) ተመታበት፣ ሁለት ነጥብ ሄደ። እኔ ቀጣይዋን ኳስ ጠበቅኩ። የመጨረሻዎቹን 7 መቺዎች በተከታታይ በስትራይክአውት ነው የመለሳቸው። ሰባት! ሰዉ መቀመጥ ረሳ፣ የብረቱ ወለል ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልጄን ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ እኔም ስጮህ ነበር።

በዚያው ክረምት ክርኑ ላይ ያለው ጅማት ተጎዳ፣ ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ጅማት ወስደው ተኩለት። ተመለሰ። በ2012 ቡድኑ እጁን ለመጠበቅ ብሎ ሴፕቴምበር ላይ አሳረፈው፣ ያለ እሱ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው የመጨረሻ ፍልሚያ) ገብተው ተሸነፉ። ያን ሰሞን ታክሲዬ ውስጥ ስለዚህ ያልተከራከረ ተሳፋሪ አልነበረም። እኔ ትክክል አደረጉ ባይ ነኝ፤ የሰው ክንድ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም፣ የ24 ዓመት ልጅ ክንድ ላይ ደግሞ ሌላው ሰው መቆመር የለበትም። በ2019 ናሽናልስ ሁስተንን አሸንፈው ዋንጫ ሲወስዱ የወርልድ ሲሪስ፣ የፍጻሜው ውድድር ኮከብ ተብሎ የተመረጠው እሱ ነው። 7 ዓመት፣ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ትከሻውና አንገቱ አካባቢ ያለው ነርቭ አልለቀው አለ። ብሩን እያነሱ የሚያሙት ሰዎች አሉ፣ አልሰማቸውም። በዚያ ጁን ማታ የነበርን ሰዎች ያየነውን እናውቃለን።

የናሽናልሱን ጆርዳን ዚመርማንን ባልጠቅስ ይቆጨኛል። ሴፕቴምበር 28፣ 2014፣ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ እዚሁ ዋሽንግተን ከማያሚ ጋር ኖ-ሂተር (አንድም ሂት ያልተሰጠበት ጨዋታ) ሊጨርስ አንድ ሰው ሲቀረው ኳሷ በኃይል ተመትታ ወደ ግራ ሄደች። አለቀ ብለን ተነሳን። ስቲቨን ሱዛ የሚባል፣ በዚያው ኢኒንግ ተቀይሮ የገባ ልጅ፣ ሮጦ ሮጦ በአየር ላይ ተወርውሮ ያዛት። 1 ለ 0። ዚመርማን ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ አየሁት። ፒቸር ብቻውን ነው ስል እንዳትሳሳቱ፣ ጉብታው ላይ ብቻውን ነው እንጂ ከኋላው ሰባት ሰው አለ፣ ከፊቱ ኳሷን የሚቀበለው ካቸሩ አለ።

አሁን ያኔ የናሽናልስ ፒቸር ወደነበረው ወደ ማክስ ሼርዘር።

ሼርዘር ከሁሉ የምወደው ነው። አንድ ዓይኑ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ ነው። ሰው በስትራይክአውት ከመለሰ በኋላ ጉብታውን ይዞራል፣ እንደ ተቆጣ በሬ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ ከራሱ ጋር እያወራ። በቴሌቪዥን ይሄን አታዩትም፣ ማስታወቂያ ወይም ድጋሚ ምስል ያስገቡበታል። ሜዳ ስትገቡ ግን ሙሉውን ታያላችሁ። እንዴት እንደሚናደድ፣ እንዴት እንደሚበርድ።

ጁን 20፣ 2015፣ ቅዳሜ፣ ከፒትስበርግ ጋር። 26 መልሷል። 27ኛው ሆሴ ታባታ ላይ ሁለት ስትራይክ ይዟል። አንዲት ስትራይክ ብቻ። ስላይደር ወረወረ፣ ኳሷ ሳትታጠፍ ቀረችና ታባታን ክርኑ ላይ መታችው። ሰው በኳስ ከተመታ ቤዝ ይሰጠዋል። ፐርፌክት ጌሙ ሄደ። ልጄ፣ ያኔ 11 ዓመቷ፣ "አባ፣ ክርኑን አላሸሸም እኮ!" ብላ አለቀሰች። አገር ምድሩ ይሄንኑ ነበር የሚያወራው። ሼርዘር በኋላ ሲጠየቅ ጥፋቱን ያደረገው በገዛ ኳሱ ላይ ነው። እኔ ልጄን እቅፍ አድርጌ "ቆይ፣ ቀጣይዋን እይ" አልኳት። ቀጣዩ መቺ ወደ ግራ ሜዳ ከፍ አድርጎ መታት፣ ተያዘች። ኖ-ሂተር፣ 6 ለ 0። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ቀጣይዋን እይ" ቤታችን ውስጥ ቋንቋ ሆነ። ሒሳብ ፈተና ሲበላሽባት፣ ወጥ ሲያርብን፣ ሁሉ ነገር ላይ።

በዓመቱ፣ ሜይ 11፣ 2016፣ ከዲትሮይት ጋር 20 ስትራይክአውት። በዘጠኝ ኢኒንግ ከሱ በፊት እዚህ ቁጥር የደረሱት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሮጀር ክሌመንስ ሁለት ጊዜ፣ ኬሪ ዉድ እና ያው ራንዲ ጆንሰን። 119 ኳስ ወረወረ፣ 96ቱ ስትራይክ። ይሄን ቁጥር ቀለል አድርጋችሁ እንዳታልፉት። ከአምስቱ ኳስ አራቱን የፈለገው ቦታ ወይም መቺው በተታለለበት ቦታ አደረሰ ማለት ነው። 9ኛው ላይ ሆም ረን ተመታበት፣ 3 ለ 2 ሆነ። ጉብታውን ዞረ። ከዚያ የቀሩትን ጨረሰ።

ሦስተኛዋ ጁን 19፣ 2019 ናት። በዋዜማው ልምምድ ላይ የመታት ኳስ ነጥራ አፍንጫውን ሰብራዋለች። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ አብጧል። አይወረውርም ብዬ ትኬቱን ለሰው ልሰጥ ነበር። ማታ ወጣ። 7 ኢኒንግ፣ 10 ስትራይክአውት፣ ነጥብ የለም። ፊላደልፊያን 2 ለ 0 አሸነፉ። ከሦስተኛው ቤዝ በኩል ዝቅ ያለ ወንበር ስለነበረኝ ፊቱን አየሁት። በያንዳንዷ ውርወራ ፊቱ ይጨማደዳል፣ አፍንጫው የተሰበረ ሰው እንዴት እንደሚያመው አስቡት፣ ከዚያ ኳሷ ካቸሩ ጓንት ውስጥ ስትገባ ድምፁ የቡሄ ጅራፍ ነው። ጧ! ያ ድምፅ በቴሌቪዥን አይመጣም። ሞክሬዋለሁ፣ ጥሩ ስፒከር ገዝቼ ሁሉ ሞክሬዋለሁ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ውድ ትኬት አያስፈልጋችሁም። ከመቺው ጀርባ፣ ላይኛው ፎቅ፣ ርካሹ ወንበር ጥሩ ነው፤ ኳሷ ወደ ጎን ስትታጠፍ ከዚያ ነው በደንብ የሚታየው። ፍጥነቷን ለማየት ደግሞ ከጎን ተቀመጡ። ጨዋታው ከመጀመሩ 40 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ናሽናልስ ፓርክ በስተቀኝ ጥግ ቡልፔኑ አለ፣ ፒቸሩ እዚያ ነው የሚያሟሙቀው። አጥሩ ጋ ቁሙና አዳምጡ።

ንግግሬ እዚህ ላይ አበቃ፣ ከዚያ ጥያቄ ተጠየቀ። ብዙው ስለ ልጆች ክለብና ስለ ክፍያ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "ከመወርወሩ በፊት ከመሬት አንስቶ የሚያሻት ነጭ ነገር ምንድን ናት?" አሉኝ።

"ሙጫ ናት እማማ" አልኳቸው። "የጥድ ሙጫ ተፈጭቶ በትንሽ ከረጢት የታሰረ። ላብ ጣቱን እንዳያንሸራትተው ነው።"

"ሙጫ ከሆነችማ ትሸታለች። እንደ ዕጣን።"

ይሄን በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ አስቤው አላውቅም ነበር። እዚያው ተቀጣጠርን። በሚቀጥለው ወር የልጅ ልጃቸው ይዟቸው ይመጣል፣ እኔም ልጄን ይዤ እመጣለሁ፣ ቡልፔኑ አጥር ጋ አብረን እንቆማለን። ጃኬት እንዲይዙ ነግሬያቸዋለሁ፤ ማታ ማታ ከአናኮስቲያ ወንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል።